አኮርዲዮንን በኋለኛው ዕድሜ እንደገና ስለ መጫወት

በወጣትነቱ ዘመን በትምህርት ቤት መድረክ፣ በሠራዊት የሙዚቃ ክፍል፣ በወንጌላውያን መዘምራን መካከል ወይም እንዲያው በሰፈር ሰርግ ላይ አኮርዲዮን አንግቦ የተጫወተ፣ ከዚያም ሥራና ስደት፣ ትዳርና ልጅ ማሳደግ መሣሪያውን ከእጁ አስጥለውት ሠላሳና አርባ ዓመት የቆየ ሰው፣ ጡረታ በወጣና ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ ያ የቀድሞ ፍቅር ሲቀሰቀስበት አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ጣቶቹ ነው። ደርቀው እንደሆነ፣ ቁልፎቹን ረስተው እንደሆነ፣ በልጅ ልጆቹ ፊት እንዳያሳፍሩት ይሰጋል። ጭንቀቱ ግን ቦታውን የሳተ ነው፤ ጣት አንድ ጊዜ በሚገባ የለመደውን ያን ያህል ፈጥኖ አይረሳም። የሚረሳው ወናፉን የሚከፍተውና የሚዘጋው የግራ ክንድ ነው፤ የአኮርዲዮን ድምፅ ሁሉ፣ ጩኸቱም ሹክሹክታውም፣ ለቅሶውም ሐሴቱም የሚወለደው ከነፋሱ እንጂ ከጣቱ አይደለምና፣ ወደዚህ መሣሪያ መመለስ የሚሻ ሰው በወናፉ በኩል ቢገባ መንገዱ እጅግ ያጥርለታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር ሁሉ በዚህ አሳብ ላይ የቆመ ነው።

ምሳሌ የሚሻ ቢኖር ኃይሉ መርጊያን ያስታውስ። በዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋችነቱ ቢታወቅም የሙዚቃ መንገዱን የጀመረው በአኮርዲዮን ነበር፤ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተን ከተቀመጠ በኋላም በ1985 (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በልጅነቱ የለመደውን ያን መሣሪያ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ፣ «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ዜማ የያዘውን ካሴት ብቻውን ቀረጸ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን መተዳደሪያው የታክሲ ሥራ ሆኖ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዕድሜው ከስድሳ አምስት ያለፈ ቢሆንም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ፤ በ2018 ባወጣው «ላላ በሉ» በተሰኘው አልበምም አኮርዲዮኑ ይሰማል። ከዚህ ታሪክ ልብ እንዲሉልኝ የምሻው ዝናውን አይደለም፤ ያችን በሁለት ተሳፋሪዎች መካከል የምትገኝ አጭር ጊዜ ነው። የቀረውን ዕድሜዎን ሁሉ ለሙዚቃ መስጠት አይጠበቅብዎትም፤ በቀን ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ እንዲያውም በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመጫወት ይሻላል።

ስለ መሣሪያው ምርመራ

ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ራስ ባወረዱ ጊዜ ቶሎ ብለው ማንገቻውን ወደ ትከሻዎ አይጣሉ። አስቀድመው ያሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ቆዳውና እንጨቱ እርጥበት ጠጥተዋል ማለት ነውና፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ነፋሻ ክፍል ውስጥ ሣጥኑን ከፍተው ጥቂት ቀን ያሰንብቱት። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ያሉትን ነጭና ጥቁር ቁልፎች በዓይንዎ ትክክል ይመልከቷቸው፤ አንዳንዱ ከጓደኞቹ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ከሥሩ ያለውን ፈልት ብል በልቶት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ወናፉን ይፈትኑ። ከላይና ከታች የሚይዙትን ማሠሪያዎች ፈትተው፣ መሣሪያውን በቀኙ ወገን ከፍ አድርገው ይያዙና ምንም ሳይጫኑ የግራውን ወገን በራሱ ክብደት ይተዉት፤ ከባድ ከሆነብዎ አንድ ጎልማሳ ያግዝዎት። ጤነኛ ወናፍ እያመነታ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዝርግፍ ብሎ የወረደ እንደሆነ በአንድ ቦታ ነፋስ ያፈሳል፤ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ይዞ ልምምድ መጀመር ክንድን ማድከም ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይጠብቁ፦ ቁልፍ ሳይጫኑ ወይም በግራ አውራ ጣትዎ አጠገብ ያለውን የነፋስ መልቀቂያ ሳይነኩ ወናፉን በጉልበት አይክፈቱ፣ አይዝጉም።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። እያንዳንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ያሰሙ፣ አንድ ጊዜ ወናፉን ሲከፍቱ፣ አንድ ጊዜ ሲዘጉ። ምክንያቱም በአኮርዲዮን ሆድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ድምፅ በትንሹ ሁለት የብረት ምላሶች በአንዲት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ተበጅተው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ነፋስ ሲገባ፣ ሁለተኛው ነፋስ ሲወጣ ይናገራል፣ ተራው ያልሆነውንም ስስ የቆዳ ቁራጭ ይከድነዋል። ስለዚህ ሲከፍቱ የሚጮኽ፣ ሲዘጉ ግን ዝም የሚል ድምፅ ቢያጋጥምዎ መሣሪያው ሞተ ብለው አይዘኑ፤ የዚያችን የአንዷን ምላስ ጫፍ አቧራ ወይም ዝገት ይዟት፣ ወይም ቆዳዋ ተጠቅልሎ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ ብዙ ድምፆች በአንድነት የሚያፏጩ ወይም የሚነዝሩ ከሆነ ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል፤ ሰሌዳዎቹን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀው ሰም በእርጅና ደርቆ ተሰነጣጥቋል ማለት ነው።

ስለዚሁ ሰም አንድ ቃል ልጨምር። ሰም በአገራችን ሞልቷል፣ ጧፍም በየቤቱ አይጠፋም ብሎ አቅልጦ የሚያፈስበት ደፋር አይታጣም፤ ነገር ግን የአኮርዲዮን ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ሰም ከሙጫ ጋር በልክ የተቀላቀለ ነው፣ ያለ ሙጫው አይጸናም፣ የፈሰሰበትን ምላስም ከነጭራሹ ያፍነዋል። ዘይትም እንደዚሁ፤ ቁልፉ ተያዘብኝ ብለው ጠብታ ዘይት ያንጠባጠቡበት መሣሪያ ዘይቱ ወደ ቆዳውና ወደ ምላሱ ወርዶ አቧራ ይሰበስብበታል። እርስዎ በአንድ ወረቀት ላይ የትኛው ድምፅ በየትኛው አቅጣጫ እንደታመመ ጽፈው ለባለሙያ ይስጡ፤ ጥሩ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከወርቅ አብልጦ ይወደዋል።

የቀድሞው መሣሪያ ከጠፋ ወይም ከማይድንበት ከደረሰ ሌላ መግዛት ይመጣል። በዚህ ጊዜ የወጣትነት ትዝታ ክፉ አማካሪ ነው፤ መቶ ሃያ ቤዝ ያለውን ትልቁን ካልያዝኩ ያሰኛል። ያ መሣሪያ ግን እንደ አሠራሩ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ ይህንንም በደረት ተሸክሞ ግማሹን ወዲያና ወዲህ መግፋት ለስድሳ ዓመት ወገብ ቀልድ አይደለም። አርባ ስምንት ወይም ሰባ ሁለት ቤዝ ያለው ከዚያ በብዙ ይቀላል፣ ለአገራችን ዜማ የሚጎድለውም ነገር የለም ማለት ይቻላል። የጀርመኖቹ ሆነርና ዌልትማይስተር፣ የጣልያኑ ፓውሎ ሶፕራኒ የታወቁ ስሞች ናቸው፤ ሆኖም አሮጌ በሚገዙበት ጊዜ ከስሙ ይልቅ ከላይ የተናገርሁትን የወናፍና የሁለት አቅጣጫ ፈተና ይመኑ።

ስለ አቀማመጥ

ክንድ ማሳረፊያ በሌለው ጠንካራ ወንበር ላይ ወደ ፊት ቀረብ ብለው ይቀመጡ። ወናፉ በግራ ጭንዎ ላይ ይረፍ፣ የቁልፎቹ ሰሌዳ ግርጌም በቀኝ ጭንዎ ውስጠኛ ጎን ይደገፍ፤ እንዲህ ሲሆን ክብደቱን የሚሸከመው ጭን እንጂ ትከሻ አይሆንም። የግራውን ማንገቻ ከቀኙ ጥቂት ያሳጥሩት፤ ሁለቱን ከኋላ በጀርባዎ ላይ የምታገናኝ ትንሽ ቀበቶ ቢያገኙ ደግሞ ትከሻዎ ያመሰግንዎታል። ከደረት ወይም ከሆድ ቀዶ ሕክምና የተነሡ፣ ወይም የወገብ ሕመም ያለብዎት እንደሆነ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ቆሞ መጫወት ለጊዜው ይቆየን።

ስለ ወናፉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከቀኝ ቁልፎች መካከል አንዱን፣ ሶልን እንበል፣ ይጫኑና ወናፉን እስከ ስምንት እየቆጠሩ ይክፈቱ፤ ቁልፉን ሳይለቁ እንደገና እስከ ስምንት እየቆጠሩ ይዝጉ። ድምፁ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው አንድ መጠን ያለው፣ የማይጨምርና የማይቀንስ ይሁን። ይህ ቀላል የሚመስል ትእዛዝ ለብዙ ዘመን ያልተለማመደን ሰው ላብ በላብ ያደርገዋል፤ ክንዱ ሲጀምር በኃይል ይስባል፣ ስድስት ሲደርስ ይደክማል፣ ድምፁም ጮኾ ተነሥቶ አቃስቶ ይወድቃል። መፍትሔው ጉልበት መጨመር አይደለም፣ መቀነስ ነው፤ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ ጀምረው፣ ክንድዎ ያን ለስላሳነት መጠበቅ ሲችል ብቻ ጥቂት በጥቂት ያሳድጉት። እንቅስቃሴው ከግራ እጅ አንጓና ከክንድ ይምጣ፤ ወናፉም ከላይ ይከፈት እንጂ ከታች ብዙ አይላቀቅ።

ይህ ሲስተካከል አቅጣጫ መለወጥን ይማሩ። ወናፉ ተከፍቶ ወደ መዘጋት በሚመለስባት ቅጽበት ድምፁ እንዳይሰበር፣ «ህቅ» እንዳይል፣ መመለሻው ፈጣን ግን ያልተቆጣ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የት ላይ መመለስ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ማኅሌታዊ ትንፋሹን በቃል መካከል እንደማይቆርጠው፣ እርስዎም ነፋሱን በዜማው ሐረግ መካከል አይቁረጡት፤ ሐረጉ ካለቀ በኋላ፣ ዘፋኝ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ይመለሱ። ለዚህም የሚረዳው ዘዴ የዜማውን ግጥም በወረቀት አስፍቶ ጽፎ፣ ሊቃውንቱ የቅዱስ ያሬድን የዜማ ምልክት ከቃሉ በላይ እንደሚያኖሩ፣ መክፈቻውንና መዝጊያውን በየቃሉ ራስ ላይ በሁለት ዓይነት ምልክት ማስፈር ነው። አንድ ጊዜ የተወሰነውን አቅጣጫ በየቀኑ አይለዋውጡት፤ ክንድ የሚማረው አንድን ነገር በአንድ መንገድ ሲደጋግም ነው።

ከልምምድዎ ግማሹ ይህ ይሁን ብዬ ብመክርም፣ ሁለተኛውን ግማሽ በጣት መፍቻ መልመጃ እንዲያባክኑት አልፈቅድም። የመልመጃ መጻሕፍት አብዛኞቹ ለሕፃናት የተጻፉ ናቸው፤ ለሚመለስ ሽማግሌ ከአንድ የሚወደው ዜማ የበለጠ መምህር የለም። ቃሉን ሁሉ በቃልዎ የሚያውቁትን አንድ ዜማ ይምረጡ። አስቀድመው ያለ መሣሪያ ያንጎራጉሩት፤ ቀጥለው በቀኝ እጅ ብቻ ይፈልጉት፣ ሲፈልጉትም ዓይንዎን ከቁልፎቹ ላይ ያንሡ፣ ከቻሉም ይጨፍኑ፤ ጣት ሲታይ ይደነግጣል፣ ሳይታይ ግን የጥንቱን መንገድ እየዳበሰ ያገኘዋል። ስሕተት ሲገጥምዎ ደግሞ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አይነሡ፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መግቢያውን መቶ ጊዜ ተጫውቶ መጨረሻውን ሳያውቀው ይቀራል። ከተሰናከሉባት ሐረግ ላይ ቆመው እርሷን ብቻ ይደጋግሙ። በዚህ ዓይነት ሦስት ዜማ እስኪሞላልዎ ድረስ አራተኛ አይጨምሩ።

ስለ ግራ እጅና ስለ ቅኝቶቻችን

ብዙ የቀድሞ ተጫዋቾች ግራ እጃቸውን የሚፈሩበትና ዜማውንም የሚያበላሹበት ምክንያት ከመሣሪያው ጥንተ አፈጣጠር የመጣ ነው። ሲሪል ዴሚያን በቪየና በ1829 አኮርዲዮን ብሎ ሰይሞ መብቱን ያስመዘገበው ትንሽ መሣሪያ ከመነሻው በአንድ ጣት ሙሉ ኮርድ እንዲሰጥ የታሰበ ነበር፤ ዛሬም በግራ በኩል ያሉት አዝራሮች በዚያው አሳብ፣ በአውሮፓውያን ኅብረ ድምፅ ሕግ ተደርድረዋል። የእኛ ቅኝቶች ግን በአምስት ድምፅ የቆሙ በመሆናቸው፣ የተዘጋጀው ኮርድ አንዳንድ ጊዜ ቅኝቱ የማያውቀውን ስድስተኛ እንግዳ ድምፅ ይዞ ይገባል። እንግዲህ የትኛው ኮርድ ለየትኛው ቅኝት እንደሚስማማ ማወቅ ያሻል።

አስቀድሞ አደራደሩን እናስታውስ። ከወናፉ በኩል ሲቆጠር በሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በመሀል አካባቢ፣ ጣት ሲነካው ጎድጎድ የሚል ወይም ጠጠር የተተከለበት አዝራር አለ፤ እርሱ ዶ ነው። ከእርሱ ወደ አገጭዎ ሲወጡ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ይከተላሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ፋ፣ ከዚያም ሲ ፍላት። በየድምፁ አጠገብ ከወናፉ እየራቁ በሰያፍ ሲሄዱ ሜጀሩ፣ ቀጥሎ ማይነሩ፣ ቀጥሎም ሰባተኛው ይገኛል። የአደራደሩ በጎነት ደግሞ አንድ ቅርጽ ካወቁ በየትም ቦታ ያው መሆኑ ነው።

በትዝታ ይጀምሩ። ሜጀሩ ትዝታ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ለእርሱ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ያለ አንዳች እንግዳ ድምፅ ይስማማሉ፣ ሁለቱን ብቻ እያፈራረቁ ብዙ ዘፈን ማጀብ ይቻላል። ሚና ላ ዝቅ ሲሉ የሚገኘው ማይነሩ ትዝታ ዶ ማይነርንና ላ ፍላት ሜጀርን ይቀበላል። ባቲም እንዲሁ አያስቸግርም፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ለሆነው ዶ ሜጀርና ሚ ማይነር፣ ሚና ሲ ዝቅ ላሉበት ደግሞ ዶ ማይነርና ሚ ፍላት ሜጀር።

ችግሩ በአምባሰል ይመጣል። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ሚም ሚ ፍላትም የሉበትም፣ ስለዚህ በመነሻው ድምፅ ላይ ዶ ሜጀርን ቢጫኑም ዶ ማይነርን ቢጫኑም ቅኝቱን ይሰብራሉ። ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር በድምፃቸው ይስማሙ እንጂ ብዙ ከተቀመጡባቸው ጆሮ ቤቱን ወደ እነርሱ ያዛውረዋል። እዚህ ላይ ኮርዱን ትተው በመሀል ጣት ዶን፣ በጠቋሚ ጣት ከእርሷ በላይ ያለችውን ሶልን በአንድነት ይጫኑና ሁለቱን ባዶ ድምፆች እንደ በገና እያስተጋቡ ያቆዩአቸው፤ የቀኙ እጅ ያን ጊዜ በነጻነት ይንሸራሸራል። አንቺሆዬ ከዚህም የባሰ ዓይናፋር ነው፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆነ ሶል እንኳ የለበትም። ለእርሱ ዶን ብቻዋን፣ ያለ አጃቢ ይያዙ፣ ወይም ግራ እጅዎ ወናፉን ብቻ ይሳብ። በአኮርዲዮን ላይ የሚጫወቱት አንቺሆዬ በማሲንቆ እንደሚሰማው ፍጹም እንደማይሆንም ይወቁ፤ የማሲንቆ ጣት በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ባለው ስፍራ ያርፋል፣ የአኮርዲዮን ምላስ ግን አንድ ጊዜ የተቃኘበትን ብቻ ይናገራል።

የችክችካውን ምት የግራው እጅ መጀመሪያ ለብቻው ይማረው። ቤዙን አጭር፣ ኮርዱን ከእርሱም አጭር አድርገው ይንኩ፤ አዝራሩን ተጭኖ መቆየት ነፋሱን ስለሚበላው ወናፉ ሐረጉ ሳያልቅ ያልቃል። እዚህ ላይ ነው ቀደም ሲል ለክንድዎ የሰጡት ልምምድ ዋጋውን የሚከፍለው።

ስለ ጆሮ፣ ስለ ጣትና ስለ ጎረቤት

ከቁልፎቹ በላይ ያሉትን የድምፅ መቀየሪያዎች ይመልከቱ፤ በአብዛኛው በሦስት ደረጃ የተከፈለ ክብና ነጥቦች ይታዩባቸዋል። ነጥቡ ከታች ያለው ወፍራሙን፣ ከመሀል ያለው ንጹሑን፣ ከላይ ያለው ቀጭኑን ድምፅ ያወጣል፤ በመሀል ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ካለ፣ በጥቂቱ ተዛንፈው የተቃኙ ምላሶች በአንድነት እየተርገበገቡ የሰርግ ቤት ድምፅ ይሰጣሉ። በዕድሜ ቀጭን ድምፅ መስማት እየደከመ ይሄዳልና፣ ለልምምድ ከታች ያለውን ነጠላ ነጥብ ይምረጡ። ለጆሮዎም ይሻላል፣ በኮንዶሚኒየም ቀጭን ግድግዳ ማዶ ላለው ጎረቤትም። ሪህ ያለበት ጣት ከመጀመሩ በፊት በሞቀ ውኃ ይፍታታ፤ ሲያምም ያቁሙ።

ስለ አየሩ ጠባይ

መሣሪያውን በሣጥኑ ውስጥ ሲያሳርፉ በጀርባው ወይም በሆዱ አያስተኙት፤ ሲጫወቱበት እንደሚቆመው አኳኋን ይቁም፤ ያለዚያ ከላይ የተናገርሁት ቆዳ ከምላሱ እየተንጠለጠለ ይጣመማል። በክረምት ከመሬት ከፍ ያድርጉት። በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በኩዌት የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በመኪና ውስጥ ለአንዲት ሰዓት እንኳ እንዳይተዉት አደራ፤ ሰም በ60 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ መቅለጥ ስለሚጀምር፣ በበጋ ፀሐይ የቆመ መኪናም ወደዚያ ሙቀት ስለሚጠጋ፣ ምላሶቹ ከነሰሌዳቸው ተነቅለው በሆዱ ውስጥ ሲንኳኩ ያገኟቸዋል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ብርድ የሚኖር ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ በብረቱ ላይ ጤዛ ይወርዳልና፣ ሣጥኑን ሳይከፍት መሣሪያው ለብ እስኪል ጥቂት ይታገሥ፣ የማሞቂያው ድርቀትም እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው መሣሪያውን ከማሞቂያው ያርቀው።

ከሰው ጋር ስለ መጫወት

ሦስቱ ዜማዎች ከተያዙ በኋላ ብቻዎን አይቆዩ። ከበሮ የሚመታ አንድ ሰው፣ የሚዘፍን አንድ ሰው ካለ ጉባኤው ሙሉ ነው፤ የልጅ ልጅም ቢሆን ከበሮውን ይያዘው። ዘፋኙ በዕድሜ የገፋ እንደሆነ ድምፁ በወጣትነቱ ከለመደው ቦታ ዝቅ ብሏልና፣ ከመጀመርዎ በፊት ለስለስ አድርጎ እንዲያንጎራጉር ይጠይቁትና መነሻውን ከእርሱ ይፈልጉ፤ ከዶ ወደ ሲ ፍላት ወይም ወደ ላ መውረድ ለግራ እጅዎ ምንም ችግር የለውም፣ ያው ቅርጽ ነው፣ የቀኝ እጅዎን ጣቶች ግን በቤትዎ አስቀድመው ያዘጋጁ። ዘፋኙ ሲገባ ወናፉን ያለዝቡ፣ ትንፋሽ ሲወስድ ይሙሉበት።

ማሲንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ቢጨመርበት ከሰላምታው ቀጥሎ ድምፅ ይስጡት። የእርሱ ጭራና ክር በእጁ ይጠብቃል ይላላል፣ የእርስዎ ምላስ ግን በፋይል ካልተፋቀ በቀር አይለወጥም፤ ስለዚህ በመሀሉ ነጠላ ነጥብ፣ ሳያርገበግቡ፣ መነሻ ድምፁን በረጅሙ ይዘው እስኪቃኝ ድረስ ይቆዩለት፣ ከዚያም አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ አውርደው ያሰሙት። የጎረበጠው ካለ እዚያው ይናገር፣ ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ማስተካከል ለሁለታችሁም አስቸጋሪ ነው።